ብረቱ የት ገባ

ሻትሌን፣ ጄኔቭ
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለተሻገር፣

ይህ ወረቀት ሲደርስህ ካልሲህ ደርቆ፣ ትኩስ ነገር ቀምሰህ ያግኝህ። የአጎቴ የልጅ ልጅ ብትሆንም፣ በዚህ አገር ከልጄ ከሔዋን ሌላ ዘመድ ብዬ የምቆጥረው አንተን ነውና፣ በምትሄድበት ሁሉ አምላክ ይቅደምልህ።

ስልክ ለምን አታነሳም ብለህ ሔዋንን ጠይቀሃታል። ጆሮዬ እንደምታውቀው ነው። የግራው ከተኛ ቆየ፣ የቀኙም የራሱን ዜማ ይዟል። «እህ? እህ?» እያልኩ ሰው ከማደክም ብጽፍ ይሻላል። እጄ ገና ይታዘዘኛል።

ደክሞኛል ልጄ። ሰው ሲደክመው ይተኛል፤ እኔ ተኝቼ ስነሣም ደክሞኛል። ሐኪሟ ደሜን አይታ ብረት የለሽም አለች። አምና በደም ሥሬ ሲሰጡኝ ሰውነቴ ተቆጥቶ ፊቴ አብጦ ነበር፤ ስለዚህ ዘንድሮ በአፍ የሚዋጥ ካፕሱል አዘዘችልኝ። ሁለት ወር ዋጥኩት። ትንሽ ብርታት ያገኘሁ ይመስለኛል። የምትሠራው መድኃኒት በሚመላለስበት መጋዘን ነው ብለኸኝ ስለነበር ባዶ ካርቶኑን ልኬልሃለሁ። ደኅና ነገር መሆኑን ከሚያውቅ ሰው ጠይቅልኝ።

የሻረግ


አልትሽቴተን፣ ዙሪክ
ጥቅምት መጨረሻ

እትዬ የሻረግ፣

እንዴት ኖት? እኔ ጋ ሁሉ ሰላም ነው፣ ሰላም ባይሆንም አልነግሮትም። እግዜር ጆሮዎን ይክፈትልኝ። ካልከፈተውም አይዘኑ፣ እዚህ አገር የሐበሻን ወሬ አለመስማት ራሱ በረከት ነው።

የሚያውቅ ሰው ጠይቅልኝ ያሉት ነገር አስቆኛል። ሌላ ማን አለ? እኔ መጋዘኑ ውስጥ ተራ ሰው እንዳልመስሎት። አንድ ቀን ብቀር ሼፉ፣ አለቃችን፣ ራሱ የቱ ካርቶን የት እንደሚሄድ አያውቅም፣ «ተሻገር! ተሻገር!» ሲል ነው የሚውለው። ዶክተር ያዛል፣ እኔ አደርሳለሁ። እኔ ካላደረስኩ ማን ይድናል?

ካርቶኑን አየሁት። አሁን ቁጭ ይበሉ። አብሮኝ የሚኖር ኢስማኤል የሚባል የወሎ ልጅ አለ። እስላም ነው፣ ማስቲካ እንኳ ጀርባውን ሳያነብ አፉ ውስጥ አያስገባም። ሰጠሁት፣ አነበበ።

«ጌላቲን ይላል።»

«ምንድነው እሱ?»

«ሽፋኑ ነው። ቆዳና አጥንት ቀቅለው የሚያወጡት። የከብት ሊሆን ይችላል፣ የአሳማም ሊሆን ይችላል።»

እኔ ደግሞ «ሊሆን ይችላል» የሚባል ነገር አልወድም። አገሩ ስዊዝ ነው፣ አሳማ ነው። አለቀ።

እትዬ፣ ዕድሜ ልኮን ረቡዕና ዓርብ የጾሙ ሰው ጠዋት ጠዋት አሳማ እየዋጡ ነው። ታዲያ ሰውነት አይደክምም? ይሄን ደፍሮ የሚነግሮት የለም፣ እኔ ስላለሁ ነው። መድኃኒት ነክ ነገር ሲኖር ሌላ ሰው አያስቸግሩ፣ ለእኔ ይጻፉ።

ተሻገር


ሻትሌን
ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተሻገር፣

የነቢያት ጾም ላይ ነን፤ ጸሎትህን ባታደርስም የእኔ ለሁለታችንም ይብቃን።

ስለ ካፕሱሉ ለነገርከኝ እግዚአብሔር ይስጥህ። በእሱ ላይ ሌላ አልጨምርም።

መልስ ያዘገየሁት መጻፊያ ጉልበት አጥቼ ነው። መድኃኒቴን አንድም ቀን አላጓደልኩም። ሐኪሟ ግን ባለፈው ሳምንት ደሜን አስቀድታ ብረቱ ከበፊቱም ወርዷል አለች። «ትወስጃለሽ?» ትለኛለች። «እወስዳለሁ» እላለሁ። ሔዋንም «ትወስዳለች፣ ካርቶኑ ያልቃል» ትላታለች። ታዲያ ብረቱ የት ይገባል? ሆድሽ ውስጥ የሚደማ ነገር ይኖራል ብለው በላይ በኩል ካሜራ ሰደዱ፣ በታችም ሰደዱ። ንጹሕ ነው። አሁን «ዕድሜ ነው» ማለት ጀምረዋል። ዕድሜ ነው ሲሉህ መፈለጉን ትተዋል ማለት ነው።

ኅዳር ላይ ከደረጃ ወደቅኩ። አልተሰበርኩም፤ ሔዋን ግን ከዚያ ወዲህ እንደ እንቁላል ታየኛለች። ምድጃ ላይ ድስት ረሳሽ አለችኝ። አልረሳሁትም፤ ለመነሣት አቅም አጥቼ ሲያር እያየሁት ነበር። ይህን ብነግራት ይብስብኛል ብዬ ረሳሁ አልኩ። አሁን የአረጋውያን ማረፊያ ፎቶ አምጥታ ታሳየኛለች።

«ማሚ፣ እዚያ ሰው አለ። እዚህ ማንም የለም።»

ማንም የሌለው አንቺ ስለማትመጪ ነው አላልኳትም። ልጅቷም ደክሟታል።

ነፍሱን ይማርና ከባለቤቴ ከሽፈራው ጋር ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው። መብራት ሳላበራ ውኃ መቅዳት የምችለው በዚህ ዓለም ላይ እዚህ ብቻ ነው። ከፋሲካ በኋላ ደሜ እንደገና ይታያል። ብረቱ ካልወጣ ቤቱን እለቃለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ።

የሻረግ


ዙሪክ
ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

እትዬ የሻረግ፣

ጥምቀቱ ለእርሶ ጉልበት ይሁኖት፣ ለእኔ ብርድ ሆኖብኛል።

ማነው እርሶን ከቤቶ የሚያስወጣ? እኔ እያለሁ? መጀመሪያ ደብዳቤዎን እንዳየሁ ምክንያቱን አውቄዋለሁ። ውኃው ነው። የስዊዝ ውኃ ኖራ ነው፣ ማንቆርቆሪያዎን ከፍተው ይዩት። ቀይ ሥር ይብሉ፣ ተልባ ይጠጡ፣ ድስቶን በብረት ድስት ይቀይሩ። ብዬ ልኬሎት ነበር፣ ማለቴ ጽፌ ልልክ ስል ሽዋመንዲንገን የሚባል ሰፈር ሄድኩ።

እዚያ አንድ አፖቴክ፣ መድኃኒት ቤት ማለት ነው፣ ውስጥ ሲፈን የምትባል የነቀምት ልጅ ሙያውን ትማራለች። ከእኔ ጋር ትንሽ ነገር አላት፣ እሷ ገና አላወቀችም እንጂ። ገብቼ፣

«አንዲት ዘመዴ አይረን ትወስዳለች፣ አይረን የላትም» አልኳት።

«ከምን ጋር ነው የምትወስደው?»

«ከአፏ ጋር።»

አልሳቀችም። «ተሻገር፣ ከኋላህ ሰው ቆሟል። ከሻይ ጋር ነው? ከወተት ጋር? ከካልሲየም ጋር? የጨጓራ መድኃኒትስ አላት? እነዚህ ሁሉ ብረቱን ያስቀሩታል።»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«እና ጠይቃት። በደንብ መዋጧንም ጠይቃት። ሰው እወስዳለሁ ሲል ስንት ዓይነት ነገር መሰለህ የሚያደርገው! አንዱ ይሰባብረዋል፣ አንዱ ሲያመው ብቻ ይወስዳል፣ አንዱ ትራስ ሥር ያጠራቅማል። የምትነግርህን ደግሞ ሐኪሟ ትስማው እንጂ አንተ ዘንድ አይቅር።»

ይሄን ሁሉ ድሮም አውቀዋለሁ። ግን ከእሷ አፍ ሲወጣ ደስ ስለሚል ዝም ብዬ ሰማሁ።

እና እትዬ፣ እንዴት ነው የሚወስዱት? እንደ ንስሐ ሁሉንም ይናገሩ።

ተሻገር

ሥራ ቦታ ለትንሽ ጊዜ አረፍ ብያለሁ። ትንሽ ይናፍቁኝ ብዬ ነው። በመጋዘኑ አድራሻ አይጻፉልኝ፣ በቤቱ ይሁን።


ሻትሌን
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተሻገር፣

እንኳን ብርዱን አሳለፈህ። ጠይቀሃልና ልንገርህ። እስካሁን እንዴት ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

አሳማ ነው ካልከኝ ቀን ጀምሮ ካፕሱሉን አልዋጥኩትም። መድኃኒቱን ግን አልተውኩም፤ ሐኪም ያዘዘውን መተውም ኃጢአት ነው። ካፕሱሉን በጥፍሬ እከፍታለሁ፣ ሽፋኑን ለቆሻሻ፣ ዱቄቱን ለእኔ። ዱቄቱ ዝገት ዝገት ይላል፤ ምላሴ እምቢ ስላለኝ በቀረፋ ባፈላሁት ሻይ አሟሟዋለሁ። ሻዩ ወዲያው እንደ ደብተራ ቀለም ይጠቁራል። እኔም ኃይል ያለው መድኃኒት ነው ብዬ ደስ እያለኝ እጠጣዋለሁ። ለአጥንቴ ያዘዙልኝን ካልሲየምም በዚያው ሻይ አወራርደዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ከምነሣ ብዬ።

የልጅቱን ቃል ካነበብኩ በኋላ የሰፈራችን ፋርማሲ ሄጄ ብረቱን በሻይ እንደምጠጣ በእጄ እያሳየሁ ጠየቅኩ። ሰውየው ራሱን ያዘ። ያ መጥቆር ብረቱ ከሻዩ ጋር ተጣብቆ ነው፤ ሆድሽ አይቀበለውም፣ እንዳለ ይወጣል አለኝ። ሦስት ወር ሙሉ ሳፈስሰው ኖርኩ።

የንስሐ አባቴን አባ እንድሪያስንም ጠየቅኳቸው። «መድኃኒት ጾም አያስገድፍም፤ ደግሞ ሽፋኑ ካስጨነቀሽ ሌላ ዓይነት አይጠየቅም ወይ? ምነው መጀመሪያ ወደ እኔ ብትመጪ?» አሉ። ወደ አንተ መሄዴን አልነገርኳቸውም።

አሁን ያለሁበትን ተመልከት። ለሔዋን ከነገርኳት የብረቱ ነገር ዕድሜ አለመሆኑን ታውቃለች። ግን ካፕሱል በጥፍሯ እየከፈተች በሻይ የምትጠጣ ሴት፣ ያውም ከሐኪም ደብቃ፣ ብቻዋን ትኑር የሚል ማን ነው? ቤቴን የሚያተርፍልኝ ነገር ራሱ ከቤቴ ያስወጣኛል። ስለዚህ ዝም ብያለሁ። ዝም ማለትም ያደክማል።

የሻረግ


ዙሪክ
የካቲት፣ ዓቢይ ጾም የገባ ሳምንት

እትዬ የሻረግ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽሞት። ይቆጡኛል፣ ይቆጡ። ለሔዋን ደወልኩላት። ሌላ ሰው ቢሆን ይፈራ ነበር፣ እኔ ፍርሃት አላውቅም። ሁለቴ ደውዬ ሁለቴ ዘጋሁት፣ መስመሩ ጥሩ ስላልነበረ ነው። በሦስተኛው አነሳች።

«ሥራ ላይ ነኝ» አለች።

«አጭር ነው። እትዬ ብረቱን በሻይ ነው የምትጠጣው፣ ለዚህ ነው የማይገባው።»

«ኖን! ማሚ ካርቶኑ ባዶ ነው፣ እኔ አይቻለሁ!»

«ካርቶኑማ ባዶ ነው። ሽፋኑን ትጥላለች። አሳማ ነው ያልኳት እኔ ነኝ።»

ፈረንሳይኛውን ለቀቀችብኝ፣ አንዱንም አልሰማሁም፣ ግን ስድብ በምንም ቋንቋ ይገባኛል። ወደዚያች ሰባራ አማርኛዋ ስትመለስ፣

«አንተ ዶክተር ነህ?» አለች።

«አይደለሁም።»

«ፋርማሲ ተማርክ?»

«የምትማረው ሲፈን ነች።»

«ሲፈን ማን ነው?»

«ተይው።»

«እና አንተ ምንድነህ?»

«ካርቶን ተሸካሚ ነኝ» አልኳት።

ከዚያ እንዲህ አልኳት፣ ይሄን በደንብ ነው የተናገርኩት፦ «እናትሽ ጭንቅላቷ ቢሄድ ኖሮ የሰጧትን ዝም ብላ ትውጥ ነበር። አስባ ነው ሽፋኑን የጣለችው። ያሰበችው ባልተማረ ሰው ወሬ ነው፣ እሱም እኔ ነኝ። ሰው የሚታሰር ከሆነ እኔን እሰሩኝ።»

«ማሚ ለምን እኔን አልጠየቀም?» አለች። እኔን አልመሰለኝም የጠየቀችው። ግን አፌ አያርፍ፣ «አንቺማ ሥራ ላይ ነሽ» አልኩ። ዘጋችብኝ።

እንግዲህ የሚመጣውን ይቻሉት።

ተሻገር


ሻትሌን
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተሻገር፣

እግዚአብሔር ለአፍህ መዝጊያ፣ ለልብህ ማረፊያ ይስጥልኝ። አልተቀየምኩህም።

ሔዋን በዚያው ዕለት መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ሻይ አፈላች፣ ካፕሱል ከፈተች፣ ጨመረች። ጠቆረ። «ይሄን ጠጣሽ?» አለችኝ። «ጠጣሁ።» ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ብርጭቆውን አጠበች።

ሐኪሟ ዘንድ ሄደን ሁሉንም ነገርናት። ሐኪሟ አልሳቀችም፤ «አስቤው ቢሆን ኖሮ እንዴት ነው የምትወስጂው ብዬ እጠይቅ ነበር» አለች። ካፕሱሉ ቀርቶ ጌላቲን የሌለበት ኪኒን ታዘዘልኝ። ጠዋት በብርቱካን ጭማቂ፣ ካልሲየሙ ማታ፣ ሻይ ከሰዓታት በኋላ። አባ እንድሪያስም መድኃኒቱን በማለዳ እንድወስድ ፈቀዱ።

ማረፊያው ቤት ግን አልቀረም። እስከ ደሙ ምርመራ ይቆይ ተባለ፣ ምርመራውም ወደ ሰኔ ተገፋ። ሔዋን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ማሚ ሲውጥ እኔ አያለሁ። በየቀኑ።» እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ ላሳይ? አፈርኩ። እሺም አልኩ።

አሁን ከሥራ በፊት ትመጣለች። ብርቱካኑን ትጨምቃለች፣ ትቆማለች፣ እውጣለሁ፣ ትሄዳለች። ብዙ አናወራም። እሷ አማርኛ ያጥራታል፣ እኔ ጆሮ ያጥረኛል።

ስለ ሥራህ መጻፍ ትተሃል። አልጠይቅህም።

የሻረግ


ዙሪክ
የፋሲካ ማግስት

እትዬ የሻረግ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። እኔ ኢስማኤል በሠራው ዶሮ ጾሜን ፈታሁ፣ እስላም ያረደውን በላህ ብለው ለአባ እንድሪያስ እንዳይነግሩብኝ።

አልጠይቅህም ብለው ስለጠየቁኝ ልመልስ። መጋዘኑ ከጥር ጀምሮ ከእኔ ጋር የለም። ኮንትራቱ የጊዜያዊ ነበር፣ አለቀ፣ አላደሱትም። ሼፉ ስሜንም በትክክል አይጠራው ነበር። አሁን ጠዋት ጀርመንኛ እማራለሁ፣ ከሰዓት ቢሮ አጸዳለሁ። ጽዳቱን ግን እንደኔ የሚሠራው የለም፣ ይሄ እውነት ነው።

ሲፈን «ዘመድህ እንዴት ሆነች?» ትለኛለች። ስለ እኔ አትጠይቅም። ይጽኑልኝ።

ተሻገር


ሻትሌን
ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተሻገር፣

በጠራኸው ጊዜ የሚሰማህ አምላክ እኔንም ሰምቶኛል። ብረቱ ወጣ። ሞልቶ አልፈሰሰም፣ ግን የሚበቃኝን ያህል ወጥቷል። ሐኪሟ ጆሮዬ ላይ ጮኻ ነው የነገረችኝ፤ ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሁሉ ሰምቷል። ደረጃውን አንድ ጊዜ ብቻ አርፌ ወጣሁ። ኪኒኑን ከአንድ ሳምንት በኋላ አቁሚ፣ ብርዱ ሲገባ እንደገና እናያለን፤ ቤትሽም ቤትሽ ነው አለች።

ሔዋን ከሥራ ስላልለቀቋት አብራኝ አልነበረችም። ደህና ነው ብቻ ብዬ ጻፍኩላት። አቁሚ መባሌን አልጻፍኩም።

ይኸው ሳምንቱ አልቋል። ኪኒን የለም። ነገ ጠዋት ግን ትመጣለች። ተሻገር፣ ይህች ልጅ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበዓል ብቻ ነበር የምትመጣው። አሁን በየማለዳው በሬን ትከፍታለች። ፊቷን አያለሁ። የትኛው ዓይኗ ሥር እንደሚጠቁር አውቃለሁ። ከነገርኳት መምጣቷ ይቀራል። ካልነገርኳት የካልሲየሙን ኪኒን ብረት ነው ብዬ ፊቷ ልውጥ ነው። መደበቅ ደግሞ ሰልችቶኛል።

አንተ የማታውቀው ነገር የለምና፣ ምን ላድርግ?

የሻረግ


ዙሪክ
ሰኔ፣ ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን

እትዬ የሻረግ፣

ብረቱ እንኳን ወጣ፣ እኔም ሰው ፊት ቀና አልኩ።

ምን ላድርግ ያሉትን ብዙ አሰብኩበት። ሲፈንን ጠየቅኳት፣ «ይሄ አፖቴክ የለውም» አለች። ኢስማኤል «እናት የለኝም፣ እኔን አትጠይቀኝ» አለና ፊቱን አዞረ። እኔ ደግሞ አላውቅም። እውነቴን ነው፣ ከሌላው ጊዜ ይልቅ አሰብኩ፣ አላውቅም። እናቴን ካየሁ ስድስት ዓመቴ ነው። እኔን ቢሆን ምን እንድትለኝ እንደምፈልግ እንኳ አላውቅም።

ደብዳቤው ሲደርሶት ምናልባት ወስነዋል። እግዜር ያሳዮት።

ተሻገር


ሻትሌን
ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተሻገር፣

ነገርኳት። ስድስት ቀን ካልሲየሙን ብረት ነው ብዬ ፊቷ ዋጥኩ፣ ዛሬ በሰባተኛው አልቻልኩም። ብርቱካኑን ሁለት ከፍላ ቢላውን ይዛ ቆማ ነበር። ኪኒኑ አልቋል፣ ሐኪሟ ይበቃል ብላለች፣ ከዛሬ ጀምሮ መምጣት አይጠበቅብሽም አልኳት።

«አህ ቦን፣ እንደዚያ ነው?» አለች። ቢላውን አስቀመጠች። ብርቱካኑን ለማንም አልጨመቀችውም። ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ «ትንሽ ብቻ» አለችና እግሯን ሰበሰበች። መልስ ሳልሰጣት እንቅልፍ ወሰዳት። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። የእኔ ልጅ እንዲህ መድከሟን በየማለዳው ስታየኝ ሳለ አላየሁትም ነበር።

የሽፈራውን ጋቢ አለበስኳት። ይህን ስጽፍልህ አጠገቤ ተኝታለች። ሥራ ረፍዶባታል። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል፤ ደግነቱ እኔ አልሰማም።

አልቀሰቅሳትም።

የሻረግ